አብራው ስትነፋ

ኡራኤል አካባቢ ያለ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ ሁልጊዜ ከፊቴ የሚቀመጥ ሽማግሌ አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስሙን ሳላውቅ እቀናበታለሁ። እንደኔው ሳንባው የከዳው ሰው ነው። የኮቱ እጅጌ በብየዳ እሳት ተበሳስቷል፤ ጫማው ግን ያበራል፣ ክሩም በደንብ ይታሰራል። እኔ ጎንበስ ስል ትንፋሼ ስለሚቆረጥ ክር ያለው ጫማ ትቻለሁ። የእሱን ሊስትሮ ያስርለታል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ዛሬ የሳንባን የደም ግፊት በትንፋሽ ይለያል የተባለውን አዲስ መሣሪያ ሊሞክሩብን ጠሩን። ሽማግሌው "ቢስሚላህ" ብሎ ቱቦውን አፉ ውስጥ አስገባ።

"ይንፉ አባባ፣ ይንፉ፣ አያቋርጡ!" አለች ነርሷ።

በር ላይ የቆመችው ሚስቱ ጉንጯን ወጥራ አብራው መንፋት ጀመረች። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ነፋች።

ሲጨርስ እያለከለከ ወደ እሷ ወጣ።

"ደከመሽ?" አላት።

"ትንሽ።"

ተራዬ ደረሰ። በእልህ ነፋሁ።

"ጎበዝ ጋሼ! ከአባባ በለጡ እኮ!" አለች ነርሷ።

መብለጤን ይይልኝ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። እሱ እኔን አያይም፤ አጎንብሶ እሷን ያያል። ተንበርክካ የጫማውን ክር ታስርለታለች።