ሞተሩ የጠፋበት ቁልቁለት

ልጄ ደጃችን ላይ ባጃጁን ቤንዚን ሲሞላ ሽታው አባቴን አመጣብኝ።

በጃንሆይ ዘመን አባቴ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወደ ደብረ ታቦር በአሮጌ ፒካፕ እህል ያመላልስ ነበር። እናቴ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ ልናመጣት ሄድን። አባቴ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለት በደረሰ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ መኪናውን ይለቀዋል።

«አባዬ፣ ፍሬኑ እምቢ ቢልስ?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ እንደ እናትሽ ፈሪ ነሽ። የምቆጥበው እሷን ይዘን ለመመለሻ ነው።»

ስንደርስ እናቴ አርፋለች።

በነጠላ ሸፍነን ከኋላ አስተኝተናት ስንመለስ አባቴ አንድም ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አላጠፋም።

«ቤንዚኑ አያልቅም?» አልኩት።

«ይለቅ። ሞተሩ ዝም ካለ እኔ አልችልም» አለኝ። ያኔ አልገባኝም።

ልጄን፣ «ቁልቁለት ላይ ሞተር እንዳታጠፋ» አልኩት።

«እማዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ» ብሎኝ ሄደ። የባጃጁ ድምፅ እስኪርቅ በር ላይ ቆምኩ።