ሸኩርና ቀዩ ማቆሚያ

ሸኩርን ያወቅኩት ሄርማታ ገበያ አጠገብ ያለችው ጠባብ ሱቁ ሬዲዮ ላሠራ ሄጄ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ፣ «በል ዓይንህን ጨፍንና ዝጋው» አለኝ። እጄ ሌላ ቁልፍ ላይ አረፈ። «አየህ፣ ጥፋቱ የሬዲዮው ነው እንጂ ያንተ አይደለም» ብሎ ሳቀ። ይህን ከየት እንዳመጣው ቆይቶ አጫወተኝ።

በ1974 ዓ.ም. ሰርቦ ከተማ፣ በአንድ የማኅበር ቡና መፈልፈያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የማሽኑን ማስነሻና ማቆሚያ ቁልፍ የተከለው እሱ ነው። ሽቦ ላለማባከን ብሎ ሁለቱንም በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ገጠማቸው፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም እኩል።

አንድ ጠዋት ማሽኑ ላይ ጀንፈል ቡና የምትጨምረውን ሐጂራን ቺንጋው፣ የሚዞረው የማሽኑ ቀበቶ፣ ሻርፗን ያዘባት። አብሯት የሚሠራው ዳባ «ያ ረቢ!» ብሎ ሮጠና ማቆሚያው መስሎት ማስነሻውን ደጋግሞ ተጫነ። ማሽኑ መች ይቆማል! ደግነቱ ሻርፑ ተቀደደና ተረፈች።

ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው ጓድ ደምመላሽ «ይህ አሻጥር ነው! ዳባ ለአብዮት ጥበቃ ይሰጣል» አለ። ዳባ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ሸኩር ዝም ቢል እሱን የሚጠይቅ አልነበረም። ግን ተነሣ።

«ጓድ፣ ቁልፎቹን እዚያ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የደነገጠ ሰው እንዴት ይለያቸዋል?»

«እንግዲያው አሻጥረኛው አንተ ነሃ!»

«ሦስት ቀን ይስጡኝ። ካላስተካከልኩ እኔን ያስረክቡኝ።»

ማሽኑን አጥፍቶ ሐጂራን ቦታዋ ላይ አቆማትና ከኋላዋ ድንገት «ያዘሽ!» ብሎ ጮኸ። እጇ በረረ። ያረፈበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ደግሞ «ያዘሽ!»

«ኦቦ ሸኩር፣ ዎላሂ ማሽኑ ያልገደለኝን አንተ ልትገድለኝ ነው!»

ዳባንም እንዲሁ አስደነገጠው። የጠመኔው ምልክት ሁሉ ከማሽኑ አፍ በስተቀኝ፣ ወገብ አካባቢ ተሰበሰበ። ማቆሚያውን እዚያው ተከለው፤ በቡጢ የሚመታ፣ ትልቅና ቀይ። ማስነሻውን በስሕተት እንዳይነካ ራቅ አድርጎ ሳጥን ውስጥ ከተተው።

በሦስተኛው ቀን ደምመላሽ መጣ። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ሳይታሰብ «ያዘሽ!» ብሎ ጮኸ። ሐጂራ ዞር እንኳ ሳትል ቀዩን መታችው፤ ማሽኑ ቀጥ አለ። ደምመላሽ «በሉ፣ ወደ ሥራችሁ!» ብሎ ወጣ። ዳባም ወደ ሥራው ተመለሰ። ለሸኩር ግን የደረሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። አመሰግናለሁ ያለው ኃላፊ የለም።

ሄርማታ ብቅ ካላችሁ ሱቁ ከገበያው በላይ ነው። የሚጠገን ነገር ባይኖራችሁም ግቡና ሰላም በሉት። ስብሰባ ላይ ለዳባ ብሎ የተነሣበትን ቦታ አፍሮ ይዘለዋል፤ እናንተ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቁት።