የጾሙ ብስኩት

ይህን ነገር የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም። እናንተ ከእሳቸው በፊት መስማታችሁ ነው። ለምን ለእናንተ? ስለማታውቁኝ ይሆናል። በሚያውቀኝ ሰው ፊት ይህን የምናገርበት አንደበት እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እኔ የሰው እንጀራ ዘግቻለሁ። በዱላ አይደለም፣ በክስም አይደለም። በአንዲት አጭር ቃል ዘጋሁት። ያን ቀን ርቦኝ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን የተናገረው ረሃቤ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ከደጋ ወደ ጋምቤላ ለማስተማር የመጣሁት ገና ልጅ እግር ሆኜ ነው፤ እዚሁ አረጀሁ። በሰፈሬ በጾም አጥባቂነት እታወቃለሁ። ወዳጆቼ "ወርቅነሽ እኮ በሁዳዴ ላም ካየች ዓይኗን ትታጠባለች" እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልዱን እንደምንቅ አስመስላለሁ እንጂ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው የሚኮራበት አያጣም፤ እኔም በባዶ ሆዴ እኮራ ነበር።

አሪየት ከገበያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት የማንጎ ማርማላታና ብስኩት የምትሠራ የአኝዋክ ሴት ነበረች። በእኛ ከተማ በሁዳዴ ሰሞን ማንጎ ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚያነሣው ጠፍቶ ይበሰብሳል። እሷ ግን ትለቅመዋለች፣ ትልጠዋለች፣ በስኳርና በሎሚ እስኪወፍር ታማስለዋለች። ብስኩቱን መሃሉን በጣቷ ጎድጎድ ታደርግና ማርማላታውን ጠብ ታደርግበታለች። የቢሮ ሠራተኞች በጾም ከሻይ ጋር የሚበሉትን ከእሷ ይወስዱ ነበር። የጽዋ ማኅበራችን ሴቶችም በጾሙ ወራት ከእሷ እንግዛ አሉ። "ዕቃዋ ከፍስክ የተለየ መሆኑን ማን አይቶ ይመስክር?" ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከእኔ ሌላ ማን ይታመናል?

ከቅዳሴ እንደወጣን ከጎረቤቴ ከእትዬ ጽጌ ጋር በባጃጅ ሄድን። ሙቀቱ የሚያስተነፍስ አልነበረም፤ የምድጃው ሲጨመርበት ቤቱ ይፋጃል። አሪየት እጇን ታጥባ፣ ወንበር አውጥታ ተቀበለችን። "አንቺ" ነበር የምትለኝ። አንቱታ እንዳልለመደች እያወቅሁ ያ "አንቺ" ይከነክነኝ ነበር። ይህንንም ተናዘዝኩ በሉ።

"ቲቸር፣ ይሄ ጠረጴዛ የጾም ነው፣ ዘይት ብቻ። ያኛው የፍስክ ነው፤ ቅቤ አለው፣ እንቁላል አለው። ትሪው ለብቻ፣ ማንኪያው ለብቻ" አለችኝ። አየሁ። ሁሉም እንዳለችው ነበር። ከዚያ በላይ ንጹሕ ቤት አላየሁም ብል አላጋነንኩም። እትዬ ጽጌ ማንጎው የሚላጥበትን ካላየሁ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች፤ አሪየትም ልታሳያት ተከተለቻት። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

እዚህ ላይ "ተሳሳትኩ" ብል ደስ ባለኝ። አልተሳሳትኩም። ትሪው የቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሽታውም ይናገር ነበር። ያን ያህል ዓመት ስጾም ያልፈተነኝ ነገር በዚያች ደቂቃ እንዴት እንደጣለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የጾሙ ብስኩት በእጄ ርቀት ላይ ነበር፤ እሱን ብበላ ማን ይከለክለኛል? እኔ ግን አልፌው ሄጄ የፍስኩን አነሣሁ። አንዱን በላሁ። ሁለተኛውን ገምጬ ሳለሁ የእትዬ ጽጌ ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

"አንቺ ወርቅነሽ! ምን እየበላሽ ነው?" አለች። ከእጄ ነጥቃ አሸተተችው። "ይሄ እኮ ቅቤ ነው!"

እኔም "የጾም ነው ብላኝ ነው የበላሁት" አልኩ።

ይኸው ነው ቃሌ። ሳላስብ አመለጠኝ እንዳልል፣ ከአፌ ከመውጣቱ በፊት አሪየት በሩ ላይ መቆሟን አይቻለሁ። እያየኋት ነው የተናገርኩት። እሷ ወደ ትሪው አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች። እጇ ላይ የተላጠ ማንጎ ይንጠባጠባል። "ውሸታም" ብትለኝ እውነቷን ነበር። እንድትለኝም ጠበቅሁ። እሷ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ "እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ይቅርታ፣ ቲቸር" አለች። እኔም ይቅርታዋን ተቀበልኩ! ጭንቅላቴን ነቅንቄ፣ እንደ ተበዳይ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። እትዬ ጽጌ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያመነችውን ነው ያወራችው። "ወርቅነሽን እንኳ ቅቤ አብልታታለች" የሚለው ወሬ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ ቢሮዎቹ ደረሰ። "ድሮስ እነሱ የእኛን ጾም የት ያውቁታል?" ተባለ። አሪየት እኮ ፕሮቴስታንት ናት፤ ለእኛ ብላ ነበር ሁለት ጠረጴዛ የዘረጋችው። ማኅበሩ ሲጠይቀኝ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እግዜር ይፍረድ" እያልኩ አንገቴን እሰብር ነበር። ሴቶቹ አጽናኑኝ። አስቡት፣ እኔን አጽናኑኝ።

ቆይቼ ራሴን የጠየቅሁትን ልንገራችሁ። አሪየት የእኛ የደገኞቹ ልጅ ብትሆን፣ የማውቃቸው ወላጆች ቢኖሯት፣ ፊት ለፊቷ ቆሜ ያን ቃል እናገር ነበር? አልናገርም ነበር። ማን እንደሚታመን አውቄ ነው የተናገርኩት። አሳፋሪው እሱ ነው፤ ብስኩቱማ ብስኩት ነው።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ፍስክ መብላቴን ተናዘዝኩ። አሪየትን ግን አላነሣሁም። ስግደት ሰጡኝ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ፤ ስጨርስም ቀለል አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በስግደትም እንደማይታሽ ያን ጊዜ አልገባኝም። ስግደቱ ለበላሁት ነበር። ለተናገርኩት ማን ይስገድልኝ?

በፋሲካ ገዢዎቿ ይመለሳሉ ብዬ ነበር። አልተመለሱም፤ በጾም ያታለለች በፍስክ ምን ታበላናለች ተባለ። ክረምቱ ሳያልቅ አሪየት ምድጃዋን ሸጠች። ዛሬ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ተቀጥራ የሰው ዳቦ ትጋግራለች። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች። ሰላምታዋ ከስድብ ይልቅ ይከብደኝ ነበርና ስንት ጊዜ መንገድ ለውጬአለሁ።

በቅርቡ ጡረታ ስወጣ ጊዜው ተረፈኝ፤ ጊዜ ሲተርፍ ደግሞ ሐሳብ ይበዛል። አንድ ቀን ጨክኜ በሆቴሉ የጓሮ በር ሄድኩ። አሪየት ሽርጧን እንዳጠለቀች ወጣች። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። ለምን ያን ቀን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

"እንግዳ ነበርሽ" አለችኝ። "ቤቴ የገባ እንግዳ በሰው ፊት አላሳፍርም። በኋላ አንቺ ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ።"

ይቅር በይኝ አልኳት። የበሩን መቃን ተደገፈች። ተቆጥታ አይደለም፤ ደክሟት ነበር።

"ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ እዚያው ነበርኩ፣ አውቀዋለሁ። ለሰሙት ንገሪያቸው። ከዚያ ነይ፣ እሺ እልሻለሁ" አለችና ወደ ሥራዋ ገባች።

ይህን ካለችኝ ወራት አለፉ። ማኅበሩ ተሰብስቧል፣ እኔም ተገኝቻለሁ፣ በልቻለሁ ጠጥቻለሁ፤ አልተናገርኩም። ለእናንተ ለማታውቁኝ መጻፍ ቀለለኝ። ይህም ሌላ ማምለጫ እንደሆነ አይጠፋኝም። ስለዚህ ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ግን ለእትዬ ጽጌ ልነግራት ቆርጬ ወጣሁ። ቤቷ ከእኔ ፊት ለፊት ነው፤ መሻገር ብቻ ነው። ደጇን እየጠረገች ነበር። አየችኝና ቀና ብላ "እንዴት አደርሽ፣ የኔ ጻድቅ?" አለችኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት።

እሷ ጠርጋ ገባች። እኔም ወደ ቤቴ ገባሁ።