የዲምቱን ወተት የጠጣ

አዳነ ግራ መጋባትን እንደ ሙያ ይዞት የኖረ ሰው ነው። ነገሌ ቦረና ውስጥ ሰው ግራ ሲገባው ዝም ይላል፣ አለዚያም ይቆጣል። አዳነ ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግና «እንዴት? እንዴት?» ይላል። ታይፕ መምታት ሲማር እንዲሁ ነበር፣ ኮምፒውተር ሲመጣም እንዲሁ። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የሰው ደብዳቤ ሲተይብ ኖሮ፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል በስልኩ ቪዲዮ እያየ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ነገሩ ባይገባውም አይተወውም። ጠባዩ ይኸው ነው።

አባቱ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር። በግንቦት ሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ከጓዶቹ ጋር ወደ ሞያሌ እንደወጣ በዚያው ቀረ። እናቱ ወይዘሮ እሙሽ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ፣ አገሯ ሩቅ፣ እጇ ባዶ ሆኖ ነገሌ ላይ ቁጭ አለች። ታዲያ አንድ ጠዋት አዳነ ሲነቃ አንዲት ቀይ ላም ከነጥጃዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። «ተነስ፣ ወተት ተገኘልህ» አለችው እናቱ። ከየት ተገኘ ብሎ አልጠየቀም። የራበው ልጅ ምን አገባው!

ላሟ ዲምቱ ትባላለች፤ በኦሮምኛ ቀይዋ ማለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «የእሙሽ ላም» ይላታል፣ አዳነም «ላማችን» እያለ አደገ። ዲምቱ ስታረጅ ልጇ ቡሬ በዚያው ግቢ ታለበች። ቡሬ የወለደቻት ጥጃ መሬት የነካችው አዳነ ታይፒስት ሆኖ የመጀመሪያ ደመወዙን ባመጣበት ቀን ነበርና እናቱ በደስታ ብዛት ስሟን «ደመወዝ» አለቻት። ደመወዝ ደግሞ ሸጋን ወለደች። ለአዳነ ሠርግ የታረደው ወይፈን እንኳ የዲምቱ ዘር ነበር።

በልጅነቱ ግራ የሚያጋቡት አንዲት ሴት ነበሩ፤ ከከተማው ዳር የሚኖሩ፣ አዴ ዲንኪቱ የሚባሉ የቦረና ባልቴት። ሲመጡ ለሰው ሰላም ከማለታቸው በፊት ወደ ላሟ ይሄዳሉ። ጀርባዋን ዳበስ ያደርጉና «አካም? ናጋ?» ይሏታል፣ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነሽ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ከዱብሉቅ ያስመጡትን የከብት ጨው ያልሷታል። «ለእኔስ?» ይላል ልጁ በሆዱ። እንግዳ ለላም ስጦታ ይዞ ሲመጣ አይቶ አያውቅም። በኋላ ግን የቦረና ወግ ይሆናል ብሎ ነገሩን ተወው። አድጎ አግብቶ ወልዶም አልጠየቀም።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዝናቡ ወቅት በወቅት ላይ እየቀረ ከብቱ አለቀ። አንድ የከብት ጤና ፕሮጀክት የሣር ድርቆሽ ሊያድል ተሰናዳና በእጅ የተሞሉ አሥራ አንድ ደብተሮች ለአዳነ አስረከበው። ደብተሮቹ ውስጥ የየቤቱ ከብት ከነስሙና ከነእናቱ ስም ተጽፏል፤ አርብቶ አደር የላሙን እናትና አያት ሳይቆጥር ስለ ላሙ አያወራምና። የአዳነ ሥራ ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ እስከ ዓርብ የስም ዝርዝር ማውጣት ነው። ደንቡ አጭር ነው። በሕይወት ያለች ላም ያለችው ሰው ድርቆሽ ይወስዳል፣ የሌለው አይወስድም።

መጀመሪያ ላሟን ጻፈ፣ አጠገቧ የባለቤቷን ስም ጻፈ። ደብተሩ ውስጥ ሰባት ዲንኪቱዎች ነበሩና ኮምፒውተሩ ሰባቱንም ጨፍልቆ አንዲት ሴት አደረጋቸው። ሴትየዋ ሦስት ባል፣ ሃያ ስድስት ልጅና አራት ቀበሌ ኖሯት ቁጭ አለች። አዳነ አዲስ አበባ ላለችው የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ለኑኃሚን ደወለ።

«ጋሽ አዳነ፣ ስም ብቻ አይጻፉ» አለችው። «ነገር ሁሉ የራሱ አድራሻ ይኑረው። ሰውም፣ ላምም፣ የውሃ ጉድጓዱ ኤላም። ቀጥሎ ዓይነቱን ይንገሩት፤ ይሄ ሰው ነው፣ ይቺ ላም ናት ብለው። ከዚያ አንዱን ከሌላው በቀስት ያያይዙ። ቀስቱ ራሱ ስም አለው፤ ‹እናቷ›፣ ‹ባለቤቷ›፣ ‹ውሃ የምትጠጣበት›።»

«እንዴት? ላሟ ውስጥ ባለቤቷን አልጽፍም?»

«አይጽፉም። ላሟ ውስጥ የሚጽፉት ወደ ባለቤቷ የሚወስደውን አድራሻ ነው። ባለቤቷ ራሱን ችሎ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።»

አዳነ መነጽሩን ጠረገ። ወረቀት ላይ ክብ ሣለ፣ ቀስት ሣለ፣ ሌላ ክብ ሣለ። በሁለተኛው ቀን ወረቀቱ ዶሮ የጫረችው መሰለ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሰባቱ ዲንኪቱዎች ሰባት ክብ ሆነው ተለያዩ። ያን ዕለት አዳነ ብቻውን ሳቀ። ማንም ሳያዝዘው አንድ ደንብ ከራሱ ጨመረ፤ ላም ሁሉ አንድ ባለቤት፣ አንድ ብቻ ይኑራት ብሎ። ፕሮግራሙን ቢያስኬደው ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በስህተት ምልክት ቀላ። አንዲቱን ላም እዚህ ደብተር ላይ አንዱ የእኔ ናት ብሏል፣ እዚያ ደብተር ላይ ሌላው። ስንቱ ነው የሚዋሸው? አዳነ ግራ ገብቶት ጠጉሩን ሲያክ ውሎ ለራሱ የሚገላግል ብልሃት አገኘ። ላሟ የምታድረው የማን ግቢ ነው? የእሱ ናት። ቀዩ ሁሉ ጠፋ። ዝርዝሩን አትሞ ረቡዕ በር ላይ አስለጠፈ፤ የእናቱ የእሙሽ ስምም ከአንዲት ላም ጋር ወጥቶ ነበርና ደስ አለው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አዴ ዲንኪቱ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። የበሩ ዘበኛ ተከትሏቸው ገባ። «ስሜ ለምን የለም ይላሉ» አለው ለአዳነ። «ከብታቸው አልቋል፣ በረታቸው ባዶ ነው። እማማ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብዎት እኮ ነው!» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

አሮጊቷ አልሳቁም። አዳነ ወንበር ስቦላቸው ተቀመጡ።

«አካም፣ ኢልማ ኮ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በረቴ ባዶ ነው፣ እውነቱን ነው። ግን ሰው ዘንድ አምስት ላም ነበረኝ። አራቱን ድርቁ ወሰዳቸው፤ አንዲቷ አለች። ባለፈው ሳምንት አይቻታለሁ፣ ከስታለች።»

«እንዴት ነው አዴ? ሰው ዘንድ ካለች የዚያ ሰው አይደለችም?»

«ደበሬ ናታ! ደበሬ አታውቅም? እዚሁ ተወልደህ?» አዘኑለት። «ሰው ሲቸግረው የምታለብ ላም ትሰጠዋለህ። ወተቱን እሱ ይጠጣል። ላሟ ያንተ ናት፣ የምትወልደውም ያንተ ነው፣ የልጅ ልጇም ያንተ ነው።»

አዳነ ያ ሁሉ የቀላ መስመር ታየው። ለካ የዋሸ ሰው አልነበረም! አንዱ የሰጠውን ላም ተናግሯል፣ ሌላው ቤቱ ያለችውን። ሞኙ ደንብ አውጪው ነው። እያፈረ ደንቡን ፈነቀለው። በአንዱ ቀስት ፈንታ ሁለት አደረገ፤ አንዱ «ባለቤቷ»፣ ሌላው «ወተቷን የሚጠጣ»። ከዚያ ጥጃ የእናቷን ባለቤት ትከተል ብሎ ጻፈ፤ ፕሮግራሙ ከላም ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ አያቷ በቀስቱ እየወጣ ባለቤት እስኪያገኝ እንዲሄድ። አዴ ዲንኪቱ በትዕግሥት ጣቶቹን ይመለከታሉ።

«አሁን ይንገሩኝ፤ ያለችው ላም ማን ዘንድ ናት?»

«ሰው ዘንድ።»

«የሰውየውን ስም እኮ ነው አዴ።»

«አልናገርም!» አሉ ኮስተር ብለው። «በችግሩ ቀን ላም የሰጠሁትን ሰው ስሙን ቢሮ ውስጥ ልጥራ? ነውር ነው። ዘሯን ልንገርህ፣ ማሽንህ ይፈልጋት። መጀመሪያ የሰጠኋት ላም ስሟ ዲምቱ ነበር።»

አዳነ ጻፈ፤ ሁለት ቀይ ላም ካለ አንዷ ዲምቱ ናትና አልደነቀውም። ቀስቱን ወደ አዴ ዲንኪቱ አደረገ።

«ዲምቱ ቡሬን ወለደች።»

ጻፈ። ቡሬም ሞልቷል።

«ቡሬ ደመወዝን ወለደች።»

የአዳነ ጣት ቆመ። በቦረና ምድር ደመወዝ የምትባል ላም አንዲት ብቻ ናት።

«አልሰማህም? ደመወዝ። እኔም ስሙ ገርሞኝ ነበር። ደመወዝ ደግሞ...» ብለው ቀጠሉ፤ እሱ ግን አስቀድሞ ያውቃል። ሆኖም አንድ ስህተት ይኖራል ብሎ ቁልፉን ነካው። ፕሮግራሙ ከሸጋ ተነሥቶ ቀስት በቀስት ወጣና ጻፈለት። ዓይነት፣ ላም። ስም፣ ሸጋ። ወተቷን የሚጠጣ፣ እሙሽ። ባለቤቷ፣ ዲንኪቱ። አንዲትም ቀይ መስመር የለም።

«አገኛት?» አሉ አዴ ዲንኪቱ። ማንበብ አይችሉም።

«ቆይ አዴ፣ ትንሽ ግራ ገብቶኛል» አለ። በሩ ድረስ ሸኛቸው፤ ለነገ ይምጡ አላቸው። ተመልሶ ኑኃሚን ዘንድ ደወለና ፕሮግራሙ ተሳስቷል አላት። እሷም ከዚያው ሆና አየችው። «ኮዱ ትክክል ነው፣ ጋሽ አዳነ። ካልመሰለዎት ሰዎቹን ይጠይቁ» አለችው።

አንድ ቀስት ቢያጠፋ ማንም አያውቅም። ቀስቱ ከጠፋ አዴ ዲንኪቱ ላም የሌላቸው ባልቴት ሆነው ይቀራሉ፤ ከኖረ ደግሞ እናቱ ከዝርዝሩ ትወጣለች፣ ሸጋም ለመጪው ወር የምትበላው አይኖራትም። ለልጆቹ የሚመጣው ወተት የሸጋ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ያንገበገበው ግን ሠርጉ ነበር። ያ ወይፈን የማን ነበር? አዴ ዲንኪቱ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ሥጋውን ከእንግዳ ጋር ሲበሉ አይቷል።

ማምሻውን ወደ እናቱ ሄደ። እሙሽ ሸጋን እያለበች ነበር፤ ቅሉ ውስጥ የሚወርደው ወተት ከጭብጥ አይበልጥም።

«እማዬ፣ ይቺ ላም የማን ናት?»

«የአዴ ዲንኪቱ ናታ» አለች ቀና ሳትል።

«የሠርጌ ወይፈንስ?»

«የእሳቸው። ሄጄ ጠየቅኋቸው፣ ‹ልጄ ሲያገባ ልከልክል?› አሉኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ጥያቄህን ሁሉ ለኮምፒውተር ጨረስከው።» አለበችና ተነሣች። «ደብተሩን የሚሞላውም ልጅ ሲመጣ የላሟን ዘር ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የማን ናት አላለኝም። ቤቱን አይቶ ስሜን ጻፈ።»

አዳነ ስለ ዝርዝሩ ነገራት። እሙሽ ሸጋን አየት አደረገቻት። «ታዲያ ምን ግራ ያጋባል?» አለች። «እውነቱን ጻፍ።»

ዓርብ ጠዋት በገዛ እጁ የእናቱን ስም አውጥቶ «ዲንኪቱ፣ አንዲት ላም» የሚለውን አስገባ። አዴ ዲንኪቱ በጣታቸው ፈርመው ድርቆሻቸውን የአህያ ጋሪ ላይ አስጫኑ። አዳነ ከሩቅ ተከተላቸው። ጋሪው ወደ ከተማው ዳር መታጠፍ ሲገባው ወደ እናቱ ሰፈር ታጠፈ። አሁን ላማቸውን ሊወስዱ ነው አለ በሆዱ። እሙሽም እንዲያው ሳይመስላት አልቀረም፤ ሲደርሱ የሸጋን ገመድ ፈትታ በእጇ ይዛ ቆማለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አዴ ዲንኪቱ እንደ ልማዳቸው ሰውን አልፈው ወደ ላሟ ሄዱ። ጀርባዋን ዳበሱ። «አካም? ናጋ?» አሏት። ከዚያ ዞረው ባለጋሪውን «ምን ታያለህ? ድርቆሹን አውርድ!» አሉት። የያዘችውን ገመድ አይተውም እሙሽን ተቆጧት። «ሚስኪን! ፀሐይ ላይ ምን ያደርጋታል? መልሰሽ እሰሪያት።»

አዳነ አንገቱን ደፍቶ ድርቆሹን ሲያወርድ አዴ ዲንኪቱ በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ማሽንህ ላሟን ጻፈ?»

«ጻፈ፣ አዴ።»

«እኔን ጻፈ? እናትህን ጻፈ?»

«ጻፈ።»

«አንተንስ? ዲምቱን ጎትቼ ያመጣሁት ለማን ሆነና! በረሃብ ስታቃስት ከመንገድ የሰማሁት እኮ አንተን ነው። አንተን የት ጻፈህ?»

አዳነ ፊቱን ወደ ድርቆሹ መልሶ አለቀሰ።

ሰኞ ኑኃሚን ደወለች። «ጋሽ አዳነ፣ ዝርዝሩ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባኝ» አለችው። «እዚህ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ከሞተች ላም ጋር ተያይዟል። ዓይነት፣ ሰው። ስም፣ አዳነ። ቀስቱ ደግሞ ‹ወተቷን የጠጣ› ይላል፣ ወደ ዲምቱ። ለምንም አይጠቅምም እኮ፣ ላጥፋው?»

አዳነ መነጽሩን አወለቀ፤ ሳይጠርገው መልሶ አደረገው።

«ተይው» አላት። «ከጻፍኩት ሁሉ ግራ ያልገባኝ እሱ ብቻ ነው።»