ጋኑን የወተፍኩት እኔ ነኝ

በአንድ የጥር ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። ሰዓቱን የማስታውሰው ለእሑድ ቅዳሴ ነጠላዬን አጥቤ ያሰጣሁት ያኔ ስለነበር ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእናቴም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ተናግሬ ይህን ዘልዬ ተነስቻለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆን? ከሆነ ይህም ራሱ ፈሪነት ነው።

ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ የአከራያችን የእማማ አስካለ በረንዳ ከእኔ በር በላይ ነው። በረንዳው ጫፍ ላይ ከትከሻው በላይ የተሰበረ አሮጌ የጠላ ጋን ቆሟል፤ በውስጡ ባለቤታቸው ከመሞታቸው በፊት የተከሏት ቀይ ጽጌረዳ አለች። ውሃ እንዳይቋጥር ጋኑ ከታች ጎኑ ላይ ተበስቷል። እማማ ባጠጧት ቁጥር ቀይ ድፍርስ ውሃ በቀዳዳው ወርዶ እኔ ደጃፍ ላይ ይንጠባጠባል። ያን ቅዳሜ የተንጠባጠበው ነጠላዬ ላይ ነው።

«እማማ፣ ጋኑን ትንሽ ፈቀቅ ብናደርገውስ?» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ለእኔ ከብዶኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ለወራት አፌ ውስጥ ይዤ ዞሬያለሁ። ዓይናፋር ናት ይሉኛል። ዓይናፋርነት ግን እጅ አያስርም። እማማ ለቅሶ ሲሄዱ ጠብቄ ወጣሁና ፌስታል ጠቅልዬ ቀዳዳውን ወተፍኩት። እንዳይታወቅም በላዩ ጭቃ መረግኩበት። ጭቃውን የማነሳው ተናድጄ ነበር ብዬ ራሴን እንዳላታልል ነው። የተናደደ ሰው ቀዳዳ ሊወትፍ ይችላል፤ በላዩ ጭቃ የሚመርገው ግን የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

የካቲት ሲያልቅ ጽጌረዳዋ ከታች ጀምራ ቢጫ ሆነች። እምቡጦቿ ሳይፈኩ ረገፉ። ቅጠሏ ሲጠወልግ እማማ «ጠምቷት ነው» ብለው ውሃ ጨመሩላት፤ በጨመሩላት ቁጥር ባሰባት። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ አንቺ ይሄንን አይደል የተማርሽው?»

ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ። እንደ ረግረግ ነው። ሳወጣው የበሰበሰ ነገር ሸተተኝ። አፈሩ ረጥቦ እያለ ቅጠል ከጠወለገ ሥሩ ታፍኗል ማለት ነው፤ ሥርም አየር ይፈልጋል። በሽታውን በዚያች ቅጽበት አወቅኩት። ያፈናትን እጅ ደግሞ ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር።

«ተባይ ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው።

ቢያንስ ውሃውን ይተዉላት ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ለምን ብለው ቢጠይቁኝስ? ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን ቢያዩስ? ሰው ሲሄድ እነቅለዋለሁ አልኩ፤ ሰው ሲሄድ ደግሞ ነገ አልኩ።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ወይንሸት ትኖር ነበር። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ ትፈትላለች፤ ሳቋ ከግቢው በር ይሰማል። ጉንፋን ጥሎኝ ሳለ ሾርባ ይዛ በሬን ያንኳኳችው እሷ ናት። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ዓይኑ ይወጋል፣ ቡዳ ነው እየተባለ ስንቱ ሲገለል እንደኖረ ታውቃላችሁ። እኛ ግቢ ግን ይህን ቃል ያነሳ ሰው አልነበረም። ጽጌረዳዋ እስክትታመም ድረስ።

እማማ አስካለ ድንገት ትዝ አላቸው። ወይንሸት በገና ሰሞን በረንዳው ሥር ቆማ «ወይ ማማር! ደም የመሰለች!» ብላ አድንቃ፣ «ከዓይን ያውጣሽ» ሳትል አልፋለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳው ላይ ጠሯት። ሁለት የጎረቤት ሴቶች ነበሩ፤ እኔም ነበርኩ።

«ነይ እንትፍ በይባት» አሏት። ዓይኑን የጣለ ሰው እንትፍ ካለ ይለቃል ይባላል።

ወይንሸት ሳቀች። «እማማ ደግሞ ቀልድዎ! ገና ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም፣ በባዶ ሆድ ምራቅ ጭራሽ እንዳትደርቅብዎ!»

ማንም አልሳቀም።

«እንትፍ በይ ነው የምልሽ።»

ፊቷ ክው አለ። አንዷን ሴት አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪያቸው እንጂ። ተክል በዓይን ይደርቃል እንዴ?»

ጭቃ የመረግኩበት የጋኑ ጎን እግሬ ሥር ነበር። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ብጭረው ያበቃ ነበር። ቀልድ ሆኖ፣ በእኔ ላይ ስድብ ሆኖ፣ ቢበዛ ክፍሌን ልቀቂ ተብዬ ያበቃ ነበር።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

እኔ እንጃ! በዚያ በረንዳ ላይ ከቆምነው ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ እንጃ ያልኩት እኔ ነኝ።

ወይንሸት ጎንበስ ብላ እንትፍ አለች። አፏ ደርቆ ኖሮ ምራቅ አልወጣም። ደግማ እንድትል አደረጓት።

በማግስቱ ጽጌረዳዋን ላክማት ብዬ እማማን ለመንኳቸው። ከዳነች ሁሉም ይረሳዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ጓዳ ሲገቡ ውታፉን ነቀልኩት፤ ጥቁር ውሃ ተንዠቀዠቀ። ፌስታሉን መጸዳጃ ቤት ጣልኩት። ከዚያ ተክሏን ከነአፈሯ አውጥቼ የበሰበሱትን ጥቋቁር ሥሮች በመቀስ ቆረጥኩ፤ ነጭ ሆነው የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ጋኑ ውስጥ ከታች ጠጠር ደለደልኩ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አዲስ አፈር ሞላሁ፣ ያነሰው ሥር እንዲችላቸው ቅርንጫፎቿን አሳጠርኩ። ፀሐዩ እንዳይጎዳትም ጋኑን ገፍቼ ወደ ጥላው ወሰድኩት። እማማ ከጓዳ ወጥተው «እዚያው ይሁን፣ ይሻላታል» አሉ። ከመጀመሪያውም የፈለግኩት ይህንኑ አልነበረም? ጋኑ ፈቀቅ እንዲል?

ፋሲካ ሳይደርስ ከግንዷ ሥር ቀላ ያለ ቡቃያ ወጣ። እማማ እልል አሉ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ።

«እማማ፣ ሥሯ ነበር የታመመው…» ብዬ ጀመርኩ።

«አንቺማ ለፋሽ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «ግን እሷ እንትፍ ብላ ባትለቃት መቀስሽ ምን ይሠራ ነበር?»

ቀሪውን ዋጥኩት። ጽጌረዳዋ ብትሞት ኖሮ ነገሩ ጥርጣሬ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ስትድን ማስረጃ ሆነች። ያዳንኳት እኔ፣ በማዳኔም ወይንሸት ላይ የመሰከርኩባት እኔ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ከደጇ እየጠሩ ያስገቡ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ እማማ «ክፍሉን ለዘመድ እፈልገዋለሁ» አሏት።

የወጣችው ዓርብ ነው። ፍራሿንና ዕቃዋን ጋሪ ላይ ስትጭን አንድም ሰው እጁን አልዘረጋላትም። እኔ የጥጥ ቅርጫቷን እስከ በሩ ያዝኩላት። ይህን እንደ ደግነት እንዳትቆጥሩልኝ። ቀጥሎ ያደረግኩትን ስትሰሙም እንዳታዝኑልኝ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የይቅርታው ባለቤት ደግሞ ማን እንደበደላት እንኳ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዤ ከዊንጌት ወዲያ ወዳገኘችው ቤት ሄድኩ። ልነግራት ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ቃሉን በልቤ ስለማመደው ነበር፦ ወይንሸት፣ የወተፍኩት እኔ ነኝ። በሩን ስትከፍት ዓይኖቿ አብጠዋል። አየችኝና አቀፈችኝ።

«ከዚያ ሁሉ ሰው አንቺ መጣሽ!» አለች። «ልብሽ ንጹሕ እንደሆነ ድሮም አውቄያለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ሁለት እጆቼን ይዛ መመረቅ ጀምራ ነበር። «ስምሽን ክፉ አይንካው። እኔን እንዳቆሙኝ ሰው ፊት አያቁምሽ። የሚመሰክርልሽ አያሳጣሽ» አለችኝ።

ዓይኗን እያየሁ፣ አሜን አልኩ።