እናቴን ለምስክርነት የወሰድኳት ቀን

ደክሞኛል ስል ሰው ሁሉ የሥራ ድካም ይመስለዋል። እኔን የገደለኝ ፍለጋው ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ፋይል አወጣለሁ፣ ሰው ሲጠራኝ የሆነ ቦታ አስቀምጠዋለሁ፣ ያ የሆነ ቦታ ከአእምሮዬ ብን ብሎ ይጠፋል። ቁልፉም፣ ስልኩም፣ ጃንጥላውም እንደዚያው። ዘመኑ ደግሞ የግምገማ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ፊት ተነሥቼ ራሴን እወቅሳለሁ፤ አለቃዬም “ችግሯ የአመለካከት ነው” ብለው ይዘጉታል። ምን አመለካከት አለኝና! የጠፋብኝ ፋይል ነው። ሁለተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰኝ ሦስተኛው ስንብት እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ተጽፎበታል።

በዚያው ሰሞን ባጃጅ ውስጥ አንድ ሐኪም በሬዲዮ ስለ ትኩረት ማጣት ችግር ሲያስረዳ ሰማሁ። የሚያወራው ስለ ልጆች ነው። እኔ ግን በሠላሳ ስድስት ዓመቴ “ኧረ ይሄማ እኔ ነኝ!” ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። ፒያሳ መውረድ ሲገባኝ መናኸሪያ ደርሻለሁ።

ሐኪም ቤት የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ፣ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ በነጠላ ተሸፋፍኜ ወረፋ ያዝኩ። የመጀመሪያው ሐኪም “ይሄ የልጆች ነው እኮ፣ እህቴ” ብሎ ሳቀ። በሁለተኛው ቀጠሮ እንቅልፍ እንዳበዛ ተመከርኩ። በሦስተኛው አንድ ወጣት ሐኪም እስክጨርስ ሰማኝ። እንዲያው በመስማቱ ብቻ አለቀስኩ።

“አምንዎታለሁ” አለኝ። “ግን ከልጅነት ጀምሮ ካልነበረ ይሄ ነው ብዬ መፈረም አልችልም። በልጅነትዎ የሚያውቅዎት ሰው ያምጡልኝ። ከዚያ መድኃኒቱንም እናያለን፣ ለመሥሪያ ቤትዎም እጽፋለሁ።”

አባቴ የለም፣ እህት ወንድም የለኝም፣ የልጅነት ጎረቤቶቻችንም ተበትነዋል። ያለችኝ እናቴ ናት። “ስለ ልጅነቴ ይጠይቅሻል፣ እውነቱን ንገሪው” አልኳት። ጸጉሯን ተሠርታ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

“እማማ፣ ልጅዎ በልጅነታቸው እንዴት ነበሩ?” አላት ሐኪሙ።

እናቴ ቀና አለች። ሽማግሌ ተልኮ ለጋብቻ የተጠየቅኩ ነው የመሰላት። “እሷን የመሰለ ልጅ አልነበረም፣ ልጄ! ቁጭ በይ ካልኳት ቁጭ ነው። ደብተሯ ንጹሕ፣ ዕቃ አትጥል፣ የተላከችውን አትረሳ። ጎረቤቱ ሁሉ ይቀናብኝ ነበር።”

እኔ! ጫማዬን አንድ እግሩን ጥዬ የምገባው፣ ትምህርት ቤት ሄደች ስባል ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲራገፍ ሳይ የምውለው! “እማዬ፣ እባክሽ” አልኳት። በክርኗ ነካችኝ። ሐኪሙ ደጋግሞ ጠየቃት፤ እሷ ደጋግማ አመሰገነችኝ። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሌላ የሚያውቀኝ ሰው ከተገኘ እንድመለስ ነገረኝ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ዘጭ አልኩ። ቁጣዬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። “ለምን ዋሸሽ? እንጀራዬ ነው እኮ!”

የነጠላዋን ጫፍ አፍተለተለች። “በሬዲዮ የሰማሽውን የነገርሽኝ ጊዜ እንቅልፍ አልወሰደኝም” አለች። “አስተካክላለሁ ብዬ በርበሬ ያጠንኩሽስ? ሳል አፍኖሽ ስትወድቂ እንኳ ማጠኑን አላቆምኩም እኮ። በሽታ ነው ካልኩትማ የታመመች ልጅ ነው ያጠንኩት።” ከዚያ ዓይኔን እያየች “በሽታ ነው እንዴ?” አለችኝ።

ያ ጭስ እስካሁን ጉሮሮዬ ውስጥ አለ። ሐኪሙ ደግሞ በሩ ሳይዘጋ እዚያው ተቀምጧል፣ ይዣት ብገባ ይሰማናል። ግን ሰባ ዓመቷ ነው።

“አይ እማዬ፣ በሽታ አይደለም” አልኳት። “ልብ ሳልል ነው።”

“እውነትሽን ነው?”

“እውነቴን ነው።”

“ተመስገን!” ብላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። “ልብ በያ እንግዲህ፣ ልጄ። አስደነገጥሽኝ እኮ።”

በሁለተኛው ወር ከሥራ ተሰናበትኩ። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ሐኪሙ ጋ አልተመለስኩም። አሁን ልመለስ ብል ደግሞ የሚመሰክርልኝ ሰው የለም።