አባታችን ጮክ ብለው ያነበቡት ደብዳቤ

«ጋሼ፣ የፍልስፍና ኮርሶቼ ለሕግ ዲግሪዬም ሊቆጠሩልኝ ነው! ሁለቱን አጣምሬ አንድ ዓመት ቀድሜ እጨርሳለሁ።»

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ የላከችልኝ መልእክት ነው። «እሰይ!» ብዬ ጽፌ፣ ሳልልከው አጠፋሁት።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜም ከአዲስ አበባ፣ መካነ ሰላም ላሉት አባታችን ይህንኑ ጽፎላቸው ነበር። እሱም ፍልስፍናውን ከሕጉ ጋር አጣምሮ ቶሎ ሊመረቅ።

አባታችን ቄስ ነበሩ። ደስታውን ለብቻቸው መያዝ አልሆነላቸውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ጠላውን ይዞ በተቀመጠበት፣ ደብዳቤውን እንደ ወንጌል ጮክ ብለው አነበቡት። (ዜማ ያልጨመሩበት ረስተው ይመስለኛል።)

የመጨረሻውን መስመርም አላስቀሩም፦ «ፍልስፍና መጠየቅን አስተምሮኛል፤ ሕጉን ስጨርስ ያለ ፍርድ ለታሰሩት እቆማለሁ።»

ሰንበቴው «ለወግ ለማዕረግ ያብቃው!» ብሎ መረቀ። ከመራቂዎቹ አንዱ የቀበሌው ጆሮ ነበር።

ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ የቀበሌ ታጣቂዎች ገና ከመኪናው ሳይወርድ ያዙት። ሬሳውን እንኳ አላገኘንም።

ከዚያ ወዲህ አባታችን ወንጌሉን ሲያነቡ ድምፃቸው ከፊት ከቆመው ሰው አያልፍም ነበር።

ይህን ከመለጠፌ በፊት የእህቴን ልጅ አስፈቀድኳት። «ጋሼ ደግሞ! ምን ችግር አለው?» ብላ ሳቀችብኝ።

አባታችንም ያኔ እንደዚሁ ነበር ያሰቡት።

በእናንተስ ቤት በኩራት ተነብቦ ያስለቀሰ ደብዳቤ አለ? እዚህ መጻፍ የከበዳችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ጮክ ብዬ አላነበውም።